ማን ጠየቀ?

ለቁስቋም ንግሥ፣ ኅዳር 6፣ ጎንደር ነበርኩ። ከንግሡ መልስ አያቴ ቤት ተሰብስበን፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ፣ የአጎቴ ልጅ ከስልኩ ላይ ቀና ብሎ «ጉድ ፈላ! የወንድና የወንድ ጋብቻ አገራችን ውስጥ ሊፈቀድ ነው» አለ። ቤቱ ታመሰ። አንዱ ይራገማል፣ አንዷ ታማትባለች፣ ሌላው «ፈረንጅ ነው ይህን ያመጣው» ይላል። አያቴ ስኒውን እየደረደሩ ዝም ብለው ቆዩና «ለመሆኑ ማን ጠይቆ ነው?» አሉ።

ማንም መልስ አልነበረውም። እኔም ጭምር። ጋዜጠኝነት ስማር ከሁሉ አስቀድሞ የተነገረኝ «ማን? ምን? መቼ?» ብለሽ ጠይቂ ነበር። ዲግሪዬን ይዤ ሳልጠይቅ የቀረሁትን አያቴ ቡና እየቀዱ ጠየቁት። ስለዚህ አዲስ አበባ ስመለስ ሕጎቹን ማገላበጥ ጀመርኩ።

አጭሩ መልስ «ማንም» ነው። የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ይፈቀድ የሚል ረቂቅ ለኢትዮጵያ ፓርላማ አልቀረበም። ረጅሙ መልስ ግን ደስ የሚል ታሪክ አለው፤ እስቲ ከዚያው ከቁስቋም እንጀምር።

የቁስቋምን ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ባላቸው አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ ትንሹን ልጃቸውን ዳግማዊ ኢያሱን አንግሠው አገር አስተዳደሩ። ገና ወጣት ነበሩና ከሟች ባላቸው ዘመድ ጋር ኖረው ሴቶች ልጆች ወለዱ። የሰውየውም ስም ኢያሱ ነው፤ ሐሜተኛው «ምልምል ኢያሱ» አለው። በዘመኑ የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት ነበር፤ ግብፃዊው ኢብን አል አሳል በ13ኛው ክፍለ ዘመን በዓረብኛ ያዘጋጀው። 24ኛው አንቀጹ ማን ከማን እንደማይጋባ፣ የአማች ዝምድናን ሳይቀር፣ ይዘረዝራል። መጽሐፉ እዚያው ነበር፤ ኑሮው ደግሞ እንዲህ ነበር።

እቴጌይቱ ልጆቻቸውን የዳሩትም ለፖለቲካ ነው። ንጉሡ ልጃቸው ከወሎ ኦሮሞ ባላባት ቤተሰብ ውቢትን አገቡ። ልጃቸው አስቴር ደግሞ ለትግራዩ ራስ ሚካኤል ስሑል ተዳሩ። ጋብቻ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ሳይሆን የሁለት ጦር ስምምነት ነበር።

ተራው ሕዝብስ? እሱም አንድ ዓይነት ጋብቻ አልነበረውም። በቁርባን የተጋባ አይፋታም። በሰማንያ የተጋባ ውሉን በሽማግሌ አፍርሶ ንብረቱን ይካፈላል። የደሞዝ ጋብቻ የሚባልም ነበር፤ ሴቲቱ በተስማሙበት ክፍያ እየኖረች ሚስት ትሆናለች፤ ነጋዴና ወታደር የሚያዘወትሩት ነበር። እንግዲህ «ባህላችን የሚያውቀው አንድ ጋብቻ ነው» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

አያቴ በሰማንያ ነው የተዳሩት። አሥር ዓመታቸው ነበር። ባላቸውን ያዩት በሠርጉ ቀን ነው።

ከዚያ ዘመናዊው ሕግ መጣ። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ የክብር መዝገብ፣ የሃይማኖትና የባህል ጋብቻን እኩል ተቀበለ። የጋብቻ ዕድሜን ለወንድ 18፣ ለሴት 15 አደረገ። ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው ብሎም ጻፈ። ይህን ለመለወጥ 40 ዓመት ፈጀ። በ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ደነገገ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ወተወተ፣ ተከራከረ፤ በ1992 ዓ.ም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ። ዕድሜው ለሁለቱም 18 ሆነ፤ አለቅነቱም ቀረ። ነገር ግን ያ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነበር። የጎንደር ልጅ የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ እስኪያወጣ፣ እስከ 1995 ዓ.ም፣ መጠበቅ ነበረባት።

ልብ በሉ! ለዛሬዋ ሙሽራ መብት የሆነው ሁሉ ትናንት «ቤት ያፈርሳል» የተባለ ነው።

አሁን ወደ አጎቴ ልጅ ስልክ እንመለስ። የቤተሰብ ሕጉ ሦስቱንም የጋብቻ ዓይነቶች ሲተረጉም «አንድ ወንድና አንዲት ሴት» ይላል። ስለዚህ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ለመከልከል አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ በሩ ተዘግቷል። ከዚያም በላይ ድርጊቱ ራሱ ወንጀል ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 629 «ግብረ ሰዶም» ብሎ በቀላል እስራት ይቀጣል። ቀላል እስራት ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። ማክበጃ ሁኔታ ካለ ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ይሄዳል።

እንግዲህ የእኛ አገር ክርክር ስለ ሠርግ ሆኖ አያውቅም፤ ስለ ቅጣት ነው። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም የሃይማኖት መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው ክልከላው ሕገ መንግሥቱ ውስጥ እንዲገባ ጠየቁ። አልገባም። በ2006 ዓ.ም በይቅርታ ከማይታለፉ ወንጀሎች ጋር ሊደመር ታሰበ፤ ለሚያዝያ 18ም የተቃውሞ ሰልፍ ተጠራ። ሰልፉም ቀረ፣ ሐሳቡም ተነሣ። የመንግሥት ቃል አቀባይ የነበሩት ሬድዋን ሁሴን አጀንዳው የአንዳንድ ቡድኖች እንጂ የመንግሥት አይደለም አሉ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም ደግሞ የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን አስታውቆ ሕዝቡ እንዲጠቁም ጠየቀ።

ጎረቤትን ማየት አይከፋም። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጸድቅ በፆታዊ ዝንባሌ ማግለልን በግልጽ ከለከለ። ያን አንቀጽ ይዘው ሁለት ሴቶች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2005 ለፓርላማው የአንድ ዓመት ጊዜ ሰጠ፤ ሕጉ በኅዳር 2006 ወጣ። እዚያ ማን ጠየቀ ቢባል መልስ አለ። ኬንያ በ2010 ሕገ መንግሥቷ ጋብቻ ከተቃራኒ ፆታ ጋር ነው ብላ ጻፈች። ሁለቱም ተከራክረው የደረሱበት ነው። እኛ ዘንድ የሚጠይቅ ሰው ልጠይቅ ብሎ ቢነሣ መጀመሪያ የሚያገኘው ፖሊስ ነው። ላልተጠየቀ ጥያቄ ግን በየቡናው እንጮኻለን።

ጩኸቱ ደግሞ የሚያርፈው ሰው ላይ ነው። ሁለተኛ ደረጃ አብሮን የተማረ ልጅ ነበር። አንድ ሰሞን ስሙ ከፎቶው ጋር ፌስቡክ ላይ ወጣ። እውነት ይሁን ውሸት ያጣራ የለም። ሰፈሩ ውስጥ ደበደቡት፤ በሳምንቱ ከተማውን ለቆ ሄደ። የት እንዳለ አላውቅም። የማውቀው፣ ያን ፖስት ካዩትና ከሳቁት አንዷ እኔ ነበርኩ። ያ ልጅ የጋብቻ ወረቀት አልጠየቀም። የጠየቀው ነገር ቢኖር በሰላም ወጥቶ መግባት ነው።

ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ማንን እንደሚያጋቡ የራሳቸው ትምህርት አላቸው፤ ያ መብታቸው ነው። የእኔ አቋም ግን ይኸው፦ ማንንም ሳይጎዳ የሚኖር አዋቂ ሰው በማፍቀሩ መታሰርም መደብደብም የለበትም። የማይስማማ ይከራከረኝ፤ ግን አንቀጹን አንብቦ ይምጣ።

ያን ቀን እንግዳው ከሄደ በኋላ አያቴን «እርስዎ ምን ይላሉ?» አልኳቸው። «እኔ አላውቀውም ልጄ፤ እንዲህ ያለ ነገርም አልወድም» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ብቻ ሰው ይጠየቅ። እኔን ሲድሩኝ ማን ጠየቀኝ?» አሉና ረከቦቱን አነሡ።