የጻፈው ማን ነው?

መናገር የማይችል ልጅ ፊደል እየነካካ «እማዬ እወድሻለሁ» ብሎ ቢጽፍ እናቱ ምን እንደሚሰማት ለመገመት አያስቸግርም። አርባ ዓመት ያለፈው አንድ ክርክር የቆመው በእንዲህ ያለች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። የጻፈው ልጁ ነው ወይስ እጁን የያዘው ሰው? ታሪኩ ረጅም ቢሆንም ዛሬም በየስልካችን እየመጣ ስለሆነ ማወቁ ይጠቅማል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው አውስትራሊያ ነው። በ1970ዎቹ ሜልበርን ውስጥ ሴንት ኒኮላስ የሚባል ሆስፒታል ነበር። ከባድ ጉዳት ያለባቸው ልጆች የሚታከሙበት ከማለት ይልቅ የሚጣሉበት ማለት ይቀላል። አን ማክዶናልድ እዚያ የገባችው በ3 ዓመቷ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ስላለባት አትራመድም፣ አትናገርም። 16 ዓመት ሲሆናት ክብደቷ 12 ኪሎ ገደማ ነበር። በ1977 ሮዝሜሪ ክሮስሊ የተባለች የሆስፒታሉ ሠራተኛ የልጅቷን ክንድ እየደገፈች ፊደል ታስጠቁማት ጀመር። ብዙም ሳይቆይ አን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች ተባለ። በ1979 አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለቪክቶሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ልጅቷ ከሆስፒታሉ ወጣች።

ከዚያ ቤት መውጣቷ ትክክል ነበር። ችግሩ ሁለት ነገሮች አብረው መታሰራቸው ነው። አንዱ «እነዚህ ልጆች እንደማንኛውም ሰው ክቡር ናቸው» የሚለው እውነት ነው። ሌላው «ይህ ጽሑፍ የእነሱ ነው» የሚለው፣ ገና ያልተረጋገጠው ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛውን የጠየቀ ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን እንደካደ ይቆጠር ጀመር።

አሜሪካዊው የሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዳግላስ ቢክለን ሜልበርን ሄዶ ያየውን በ1990 በሃርቫርድ የትምህርት መጽሔት ላይ ጻፈ። ዘዴው «ፋሲሊቴትድ ኮሙኒኬሽን» ይባላል፤ በድጋፍ መግባባት እንበለው። አጋዡ የልጁን እጅ ወይም ክንድ ይይዛል፣ ልጁ ፊደል ይነካል። ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ወላጆች ይህ ትልቅ የምሥራች ነበር። ልጃችሁ ሁሉን ያውቃል፣ ያቃተው ጣቱን ማዘዝ ብቻ ነው ማለት ነውና። በጥቂት ዓመት ውስጥ ዘዴው በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ተዛመተ። አንድ ቃል ተናግረው የማያውቁ ልጆች ግጥም ጻፉ፣ አልጀብራ ሠሩ ተባለ።

ከዚያ ግን ሰሌዳው ክስ መጻፍ ጀመረ። ሜይን ግዛት ውስጥ አንዲት መናገር የማትችል ልጅ፣ አጋዧ እጇን ይዛ፣ የገዛ ቤተሰቦቿ እንደደፈሯት የሚገልጽ ጽሑፍ ወጣ። ልጅቷ ከቤቷ ተወሰደች። ጉዳዩን እንዲያጣራ የተጠራው የቦስተን ሕጻናት ሆስፒታል ባለሙያ ሃዋርድ ሼን ቀላል ፈተና አዘጋጀ። ልጅቷና አጋዧ አንዷ የሌላዋን እንዳታይ ተደርጎ የተለያየ ሥዕል አዩ። ልጅቷ ያየችው ቁልፍ ነበር፣ አጋዧ ያየችው ኩባያ። ምን አየሽ ስትባል የተጻፈው «ኩባያ» ነው። አጋዧ ጃኒስ ቦይንተን ዘዴውን እርግፍ አድርጋ ተወች። ኋላም ታሪኩን ራሷ ጽፋ ከዘዴው ዋና ዋና ተቺዎች አንዷ ሆነች።

በኒውዮርክ ግዛት ኦ ዲ ሄክ የተባለ ማዕከል ውስጥም በዚሁ ዘዴ ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች 12 ኦቲዝም ያለባቸውን ሰዎች ይዘው ተመሳሳይ ፈተና አደረጉ። ውጤቱ በ1993 ታተመ። አጋዡ ሳያየው በትክክል የተጻፈ አንድም ሥዕል አልነበረም። በ1994 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ዘዴው ሳይንሳዊ ማረጋገጫ እንደሌለው በይፋ አስታወቀ።

አጋዦቹ አጭበርባሪዎች ነበሩ ማለት አይደለም። ሰው ራሱ ሳያውቀው የሚጠብቀውን ነገር በጡንቻው ያደርጋል። በ1900ዎቹ መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ሃንስ የሚባል ሂሳብ ያውቃል የተባለ ፈረስ ነበር፤ መልሱን በኮቴው እየመታ ይቆጥራል። ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ሲያጣራው ጠያቂው ራሱ መልሱን የማያውቅ ከሆነ ፈረሱም አያውቅም። ፈረሱ የሚያነበው የጠያቂውን የራስ እንቅስቃሴ ነበር። ባለቤቱ አልዋሸም፣ በቅንነት አምኗል። ቅንነት ግን ማስረጃ አይሆንም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። እዚህ ግን እውነቱ በጥቂት ዓመት ጠርቶ ሳለ መስኮቱን የዘጉ ብዙዎች ናቸው። ዘዴው ስሙን እየቀየረ ተመለሰ። ዛሬ አጋዡ እጁን ሳይሆን የፊደል ሰሌዳውን የሚይዝባቸው ዓይነቶች አሉ። በ2024 የተጀመረው «ዘ ቴሌፓቲ ቴፕስ» የተባለ ፖድካስት ደግሞ የማይናገሩ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የእናታቸውን ሐሳብ ያነባሉ እያለ እጅግ ብዙ አድማጭ አገኘ። እናት ብቻ ያየችውን ነገር ልጁ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል ይላል። ይህ እኮ በ1993 የተገኘው ውጤት ራሱ ነው! ያኔ «የጻፈው አጋዡ ነው» የተባለበት ማስረጃ ዛሬ ተአምር ተብሎ ይተረካል።

ለእኛስ? አገራችን ውስጥ ልጅን ከጎረቤት መደበቅ የተለመደ በነበረበት ጊዜ ዘሚ የኑስ በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። ልጆቹ ከጓዳ እንዲወጡ የተደረገው ትግል ገና አላለቀም። አገልግሎት በጠፋበት፣ ወላጅ በደከመበት ቦታ ደግሞ የተስፋ ነጋዴ ቶሎ ይገባል። በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ለእንዲህ ያለ ሥልጠና ክፈሉ ሊባሉ ይችላሉ።

የዘዴው ደጋፊዎች ልጁን መፈተን ክብሩን መንካት ነው ይላሉ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ኑዛዜ ሲያደርግ በጣቱ አሻራ ይፈርማል፣ ምስክሮች ይቆማሉ። ምስክር ማቆም ሽማግሌውን መናቅ ነው የሚል የለም። የሽማግሌውን አውራ ጣት ይዞ ወረቀት ላይ የሚጫን ወራሽ ቢገኝ ግን ኑዛዜው የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ማጣራቱ የሚጠብቀው ሽማግሌውን ነው። የማይናገረው ልጅም ከዚህ ያነሰ ጥበቃ አይገባውም። በስሙ ክስ ሊመሠረት፣ ሕክምና ሊወሰን፣ ፍቅር ሊታወጅ ይችላልና።

ማንም ሳይነካው የሚሠራባቸው መንገዶች አሉ። የሥዕል ካርድ አንሥቶ መስጠት፣ ታብሌት ላይ ራሱ ነክቶ ድምፅ ማሰማት፣ የእጅ ምልክት። አዝጋሚ ናቸው፣ ግጥምም ላያመጡ ይችላሉ። የውሃ ሥዕል አንሥቶ የሰጠ ልጅ ግን «ውሃ» ያለው ራሱ ነው። በሌላ ሰው እጅ ከተጻፈ አንድ ገጽ ያቺ አንዲት ቃል ትበልጣለች።

ስለዚህ የልጃችሁን ድምፅ አግኝተንላችኋል የሚል ሰው ሲመጣ አትስደቡት፣ አታባርሩትም። አጋዡ ከክፍሉ ሲወጣ ለልጁ አንድ ዕቃ አሳዩት፤ ተመልሶ ሲገባ ምን እንዳየ ይጻፍ በሉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን አልፈቅድም ካለ፣ ስለ ልጃችሁ ክብር የሚያወራው ሰው የልጃችሁን ድምፅ ለመስማት ፈቃደኛ አይደለም ማለት ነው።