ሐሳብ፣ ሒሳብ፣ ጥያቄ

«ሐሳብ» እና «ሒሳብ» የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። በግእዝ «ሐሰበ» ሲባል አሰበም ቆጠረም ማለት ነው። የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን የሚያወጣው የሊቃውንቱ ትምህርት «ባሕረ ሐሳብ» መባሉም ለዚህ ነው፤ እዚያ ሐሳብ ማለት ቁጥር ነው። ዐረብኛውም «ሒሳብ» የሚለው ከዚሁ ሴማዊ ሥር ቀድቶ ነው። የዛሬው አማርኛ ግን ለሁለቱ ሥራ አከፋፍሏል። ምግብ ቤት ተቀምጦ «ሒሳብ!» ብሎ አስተናጋጅ የሚጠራ ሰው ፍልስፍና እየጠበቀ አይደለም።

ታላላቅ የስፖርት ውድድሮች በሐሳብ ተጀምረው በሒሳብ ያልቃሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሚሰፋ ሞንትሪያል ጥሩ ምስክር ናት። ይህች የካናዳ ከተማ የ1976ቱን የበጋ ኦሊምፒክ እንድታዘጋጅ የተመረጠችው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ከንቲባዋ ዣን ድራፖ 310 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ይበቃል አሉ፤ ወንድ እንደማይወልድ ሁሉ ኦሊምፒክም ኪሳራ አይወልድም ማለታቸው እስከ ዛሬ ይነሣባቸዋል። ዕዳው ግን 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ፤ ተከፍሎ ያለቀው ከ30 ዓመት በኋላ በ2006 ሲሆን ብዙው የተሰበሰበው ከትምባሆ ግብር ነው። የስታዲየሙ ማማ እንኳ የተጠናቀቀው በ1987 ነበር። ስታዲየሙ ክብ በመሆኑ በእንግሊዝኛ «ትልቁ ኦ» ይባል ነበር፤ በዚያ ቋንቋ የፊደሉ ስምና «ዕዳ አለበት» የሚለው ቃል በድምፅ አንድ ስለሆኑ፣ ፊደሏን ወደ ዕዳ መለወጥ ለቀልደኛው ሕዝብ አልከበደውም።

እንዲህ ያለውን ወጪ ማን ይመርምረው ሲባል ሁለት ቃላት ይጠራሉ። አንዱ «ኦዲት» ነው። የላቲን ሥሩ «መስማት» ነው፤ ቀድሞ ሒሳብ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ መርማሪውም ያዳምጥ ነበርና። ሌላው «ተጠያቂነት» ነው። እንግሊዝኛው ለዚህ ጉዳይ የሚጠቀምበት ቃል ከመቁጠር የተወለደ ሲሆን የእኛው ግን የወጣው ከጥያቄ ነው።

«ጠየቀ» በግእዝ ትርጉሙ ከአማርኛው ይጠብቃል። መርምሮ ማረጋገጥ፣ እርግጡን ማወቅ ማለት ነው፤ «ጥዩቅ» የተባለ ነገር የተረጋገጠ ነገር ነው። ወደ አማርኛ ሲመጣ ትርጉሙ ሰፋ፣ ለሰስም አለ፦ መልስ መፈለግ ሆነ፣ መለመን ሆነ፣ ሄዶ ማየትም ሆነ። የታመመ ይጠየቃል፤ የታሰረም ይጠየቃል። «ተጠያቂነት» ከዚህ ቃል ወጥቶ የመንግሥት ቋንቋ ሆነ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 ርዕስ ላይ ከመንግሥት አሠራር ጋር አጣምሮ አስቀምጦታል።

ሞንትሪያልም ጠያቂ አላጣችም። ከተማዋ የምትገኝበት የኬቤክ ክፍለ ግዛት መንግሥት በዳኛ አልበር ማሉፍ የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቁሞ ነበር፤ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ሪፖርት ዋናውን ጥፋት በከንቲባው ላይ ጣለ። ድራፖ ግን እስከ 1986 ከወንበራቸው አልተነሡም፤ ግብሩንም አጫሹ መክፈሉን ቀጠለ። እንዲህ ያለው ጥያቄ ሕመምተኛ እንደ መጠየቅ ነው፤ ጠያቂው የሚደርሰው ሰውየው ከተኛ በኋላ ነው።

ሞንትሪያል በተመረጠችበት በዚያው ጉባኤ የ1976ቱ የክረምት ኦሊምፒክ ለአሜሪካዋ ዴንቨር ተሰጥቶ ነበር። ዴንቨር ያለችበት የኮሎራዶ ግዛት ነዋሪዎች ግን አካባቢው ምን ይሆናል፣ ወጪውስ ከማን ኪስ ይወጣል ብለው ገና ግንባታው ሳይጧጧፍ ጠየቁ። በኖቬምበር 1972 ድምፅ ሰጥተው የግዛቱ የሕዝብ ገንዘብ ለውድድሩ እንዳይወጣ ወሰኑ። ኦሊምፒኩም ወደ ኦስትሪያዋ ኢንስብሩክ ሄደ። ውሳኔያቸው በጎ ነበር ወይስ ዕድል ማሳለፍ፣ መከራከር ይቻላል። የማያከራክረው ግን ጥያቄያቸው የግእዙ «ጠየቀ» መሆኑ ነው፤ ሐሳቡ ሒሳብ ሆኖ ሳይመጣባቸው እርግጡን ማወቅ ፈለጉ።