የስዊድን ፊደል በፎገራ፦ የአንድ ኮምፒውተር ዝግጅት እንደ ታሪክ ምንጭ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ቀላል ይመስላል፤ የፕሮግራም መሥሪያ ሶፍትዌርንና የመረጃ ቋትን በአንድ ኮምፒውተር ላይ አስማምቶ መጫን ነው። «ያለ ችግር ተጫነ» ከምንለው ሥራ ጀርባ ግን ታሪክ እንዳለ የተረዳሁት በወረታ ከተማ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 አፓቼ የተሰኘው የድር አገልጋይ፣ ፒኤችፒ የተሰኘው የፕሮግራም ቋንቋና ማይኤስኪውኤል የተሰኘው የመረጃ ቋት ተወለዱ። የሦስቱም ሠሪዎች የተለያዩ በመሆናቸው የማስማማቱ ዕዳ በጫኚው ላይ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ኤክስኤኤምፒፒ ሦስቱን በአንድ ጥቅል አቀረበ። ኢንተርኔት ለማይደርሰው ሰው ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር፤ ጥቅሉን በፍላሽ ይዞ መጓዝ ይቻላልና።

በ2002 ዓ.ም. ገደማ የፎገራ ሜዳ ሩዝ አምራቾችን ዝርዝር ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እንዳስገባ አንድ መሥሪያ ቤት ጠየቀኝ። የመጀመሪያው እንቅፋት ሌላ ፕሮግራም ቁጥር 80ን በር አስቀድሞ መያዙ ነበር፤ የአፓቼን በር ለውጬ አለፍሁት። ሦስት ቀን ሙሉ ስም ስንመዘግብ ዋልን። በአራተኛው ቀን አንዲት አሮጊት መጥተው «ልጄ፣ ስሜ አለ?» አሉኝ። ዝርዝሩን ስከፍት ከስም ይልቅ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ አገኘሁ። «ትንሽ ይታገሱኝ፣ እማማ» ብዬ ወደ ወረቀቱ መዝገብ ተመለስሁ። ስማቸው እዚያ ነበር።

ምክንያቱ ታሪካዊ ነው። ማይኤስኪውኤል የተሠራው በስዊድን ኩባንያ ስለነበር፣ ካልተለወጠ በቀር የላቲን ፊደልን በስዊድን የአደራደር ሥርዓት ይይዝ ነበር። የእኛ ፊደል በዚያ ውስጥ ቦታ የለውም። ቀደም ሲል ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝን የመሳሰሉት የላቲን ኮዶችን የግዕዝ መልክ ያለብሱ ስለነበር ጉድለቱ አይታይም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለፊደላችን የራሱን ኮድ ሰጠ፤ ማይኤስኪውኤልም ከ4.1 ጀምሮ ዩኒኮድን ተቀበለ። ይሁን እንጂ መራጩ ጫኚው ነበር፤ እኔም ሳልመርጥ አለፍሁ። ቋቱ ያልገባውን ፊደል በጥያቄ ምልክት ሲተካ ሥራውን አላቋረጠም፤ «ያለ ችግር ተጫነ» ያልሁትም ለዚህ ነው። ዩኒኮድ ያለ ምርጫ የሚመጣ መነሻ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2018፣ በ8.0 ነው።

የጠፋው ፊደል ከጥያቄ ምልክት ተመልሶ አይነበብም። ስለዚህ ቋቱን በዩኒኮድ አዲስ ከፍተን፣ ሁሉንም ከወረቀት እንደገና ጻፍን። ያኔም ሌላ ችግር ገጠመን፤ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም። ጆሯችን አንድ ያደረገውን ማሽኑ ይለያል። ይህን ማንም የውጭ ኩባንያ አይፈታልንም፤ የፊደላችንን ጠባይ የምናውቅ እኛ ነንና።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ የአማርኛ ስም አስገብታችሁ፣ ፕሮግራሙን ዘግታችሁና ከፍታችሁ አንብቡት። የወረቀቱን መዝገብም አትጣሉ፤ በወረታ የአንዲት ገበሬ ስም የተረፈው በእርሱ ነው።