ስለ ሪባን ኅትመትና ስለ ሸማኔው ጥለት

በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 15 እንደ ተጻፈው፥ እስራኤል ትእዛዙን እንዳይረሱ በልብሳቸው ዘርፍ ላይ ሰማያዊ ፈትል እንዲያደርጉ ታዘው ነበር። እኛም በትምህርት ቤታችን በዓል በደረታችን ላይ የምናደርገው ስም የታተመበት ሪባን እንዲሁ የመታሰቢያ ምልክት ነው። ስለዚህ የዚህን ሥራ ታሪክ ባጭሩ ልናስረዳ ወደድን።

በጠባብ ጨርቅ ላይ ጌጥ በሁለት መንገድ ይኖራል። አንደኛው ሽመና ነው። የዶርዜ ሸማኔ ድሩን ወጥሮ ባለቀለሙን ማግ ክር እየቈጠረ ሲያስገባ፥ ጥለቱ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይሠራል፤ አብሮም ያረጃል። ሁለተኛው ኅትመት ነው። በፍሬም በተወጠረ ወንፊት መሰል ጨርቅ ላይ የፊደሉ ቦታ ብቻ ክፍት ሆኖ ሌላው ይደፈናል፤ ቀለሙም ሲገፋ በክፍቱ አልፎ ከሪባኑ ላይ ያርፋል። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ወንፊት ያስፈልጋል። ከተዘጋጀ በኋላ ግን በጥቂት ጊዜ ብዙ ሪባን ይታተምበታል።

በእንግሊዝ አገር ብዙ የኮቨንትሪ ሰዎች የሐር ሪባን በመሸመን ይኖሩ ነበር። በ1860 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው የንግድ ውል በውጭ ሐር ላይ የነበረው ቀረጥ ስለ ተነሣ ብዙዎቹ ሥራ አጡ። ቶማስ ስቲቨንስ ግን በ1862 ሥዕልና ጽሕፈት ያለበትን የመጽሐፍ ዕልባት በዣካር መኪና እየሸመነ አዲስ ገበያ አገኘ።

ዛሬ ይህ ፈተና ወደ አገራችን ሸማኔዎች ደርሷል። ጥለት መስሎ የታተመ የፋብሪካ ጨርቅ ከውጭ እየመጣ በርካሽ ይሸጣል፤ የሸማኔውንም ዋጋ ይሰብራል።

በአገራችን በጎግ ከጥለት ይልቅ የታወቀው ዶቃ ነው። በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል እንግሊዞች በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደላቸው በኋላ፥ በባሮ ወንዝ መርከቦች ጨርቅና ጨው ያመጡ፥ ቡናም ይወስዱ ነበር። ዲሙይ የሚባለው የብርጭቆ ዶቃም ከውጭ በንግድ የመጣ ነው፤ ነገር ግን አኙዋክ አባቶቻችን የጋብቻ ጥሎሽ አድርገው አከበሩት። እነርሱ ከባዕድ የመጣውን ዕቃ በራሳቸው ትርጉም አከበሩት እንጂ የማንንም ሥራ አስመስለው አልሸጡም።

እንግዲህ መኪናው የትምህርት ቤታችንን ስም በሪባን ላይ ያትም፤ ይህ ቅን ሥራ ነው። ጥለቱን ግን ለሸማኔው እንተውለት። ልብስ ስንገዛም ጥለቱ የተሸመነ ወይስ የታተመ መሆኑን ገልብጠን እንይ፤ የሸማኔው ልጅም እንደኛ ተማሪ ነውና።