ጥቂት ጽፎ ብዙ ማንበብ



በየመሥሪያ ቤቱ በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ «ዓ.ም.» የሚል አሕጽሮት አለ። ጸሐፊው ሁለት ፊደል ያኖራል፤ አንባቢው ግን «ዓመተ ምሕረት» ብሎ አሟልቶ ያነባል። ይህ ሊሆን የሚችለው ሁለቱ በምልክቱ ፍች አስቀድመው ሲስማሙ ብቻ ነው።

ለዚህ ጥበብ በአገራችን ጥሩ ምስክር የሚሆነው ድጓ ነው። ከቃሉ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሚታዩት የዜማ ፊደላት ከታወቁ የዜማ ቃሎች ተቀንሰው የተወሰዱ ናቸው። ሥርዓቱን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፥ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት ይነገራል። መሪጌታው ፊደሉን ባየ ጊዜ ዜማው በሙሉ ትዝ ይለዋል፤ ያልተማረ ሰው ግን ፊደሉን ቢያነብም ዜማውን አያገኝም።

በአሜሪካም ዋልተር ፊሊፕስ የተባለ የቴሌግራፍ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1879 የአሕጽሮት መጽሐፍ አሳተመ። ላኪው «ስኮተስ» ብሎ ሲመታ፥ ተቀባዩ «የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ጠቅላይ ፍርድ ቤት» ብሎ ዘርዝሮ ይጽፍ ነበር፤ በዚህም የጋዜጣ ወሬ ይፋጠን ነበር።

የዚህ ተቀባይ ሥራ በዘመናችን ለኮምፒዩተር ተሰጥቷል። የፕሮግራም ጸሐፊዎች አንድ ዐይነት ቃል እየደጋገሙ ስለሚጽፉ፥ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ቴክስትሜት፥ ኋላም በ2015 የተገለጸው የማይክሮሶፍት ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ «ስኒፔት» የሚባለውን ዘዴ ያዙ። በዚህ በሁለተኛው የፕሮግራም መጻፊያ ባለሙያው በአንድ ፋይል ውስጥ ሦስት ነገር ያሰፍራል፤ አንደኛ አጭሩን መጥሪያ፥ ሁለተኛ በመጥሪያው ፈንታ የሚገባውን ሙሉ ጽሑፍ፥ ሦስተኛ መግለጫውን። በየጊዜው የሚለወጠው ስፍራ በዶላር ምልክትና በቁጥር ክፍት ሆኖ ይተዋል፤ 1 የመጀመሪያው፥ 2 ተከታዩ፥ 0 የመጨረሻው ማረፊያ ነው። ከዚያ በኋላ መጥሪያውን ጽፎ ከቀረበለት ዝርዝር ሲመርጥ ጽሑፉ ይዘረጋል፤ ታብ በተባለው ቁልፍ ከአንዱ ክፍት ስፍራ ወደ ሌላው እየተሻገረ የጎደለውን ይሞላል።

ነገር ግን አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። መሪጌታውም ቴሌግራፈኛውም የሚዘረዝሩትን ያውቃሉ፤ ስሕተት ቢገጥማቸው ይጠረጥራሉ፥ ያርማሉም። ኮምፒዩተሩ ግን የተሰጠውን ብቻ ይደግማል። ስለዚህ በስኒፔት ውስጥ የገባች አንዲት ስሕተት በተጠራች ቍጥር ትባዛለች፤ ምንጩ በኋላ ቢታረም እንኳ አስቀድሞ የተዘረጋው ጽሑፍ እንደ ተሳሳተ ይቀራል፥ አንድ በአንድ ተፈልጎ መታረም አለበት።

የቆየ ደብዳቤ አብነት አድርጎ አዲስ ደብዳቤ የሚያወጣ ጸሐፊ ይህን ሳያውቀው አይቀርም፤ የቀድሞውን ቀን ወይም ስም ሳይለውጥ አልፎ ያፈረበት ቀን ይኖራልና። እንግዲህ አሕጽሮት ጣትን ከድካም ያሳርፋል እንጂ ልብን ከማስተዋል አያሳርፍም። ጥንቃቄው አብነቱ በሚረቀቅበት በመጀመሪያው ሰዓት ይሁን።