የግድ ኃይል፦ መብራት ሲጠፋ የቀዶ ጥገና ክፍል ምን ያስፈልገዋል?

የዓይን ሞራ ግርዶሽ የሚወጣለት ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ብቻ ደንዝዞ፣ ራሱን ሳይስት በራሱ እየተነፈሰ ይታከማል። ሐሞት ከረጢቱ በካሜራ ታግዞ የሚወጣለት ግን ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠዋል፤ ጡንቻው በመድኃኒት ስለሚላላ የሚተነፍስለት ማሽን ነው። ሁለቱም ጠዋት ገብተው ማታ ቤታቸው ሊያድሩ ይችላሉ። መብራት ድንገት ቢጠፋ ግን የሚደርስባቸው አደጋ ለየቅል ነው።

በአሜሪካ የጤና ተቋማት ደንብ ውስጥ «ኢሴንሽያል ኤሌክትሪካል ሲስተም» የሚባለው አሠራር የሚነሣው ከዚህ ልዩነት ነው። በአማርኛ «የግድ ኃይል ሥርዓት» ቢባል ይስማማዋል፤ «አስፈላጊ» ከተባለማ የእንግዳ መቀበያው ቡና ማፍያም አስፈላጊ ነኝ ማለቱ አይቀርም። የግድ ኃይል ሥርዓት ዋናው መስመር ሲቋረጥ ታካሚን ከጉዳት የሚጠብቁትን መሣሪያዎች ለይቶ የሚመግብ፣ ከቀረው የሕንፃው መስመር ተነጥሎ የተዘረጋ ነው። ጀነሬተሩ የሥርዓቱ አንድ አካል ብቻ ነው፤ ማዛወሪያው፣ የማከፋፈያ ሰሌዳውና ሽቦውም አብረው ይቆጠራሉ።

ደንቡን ያወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት አደጋ መከላከያ ማኅበር ሲሆን መለያው ኤንኤፍፒኤ 99 ነው። በዋናነት ለአረጋውያን የሆነውን የመንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬርን፣ የሚያስተዳድረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት የደንቡን የ2012 እትም በ2016 ስለተቀበለ፣ ከሜዲኬር ክፍያ የሚፈልጉ የተመላላሽ ቀዶ ጥገና ማዕከላትም ይገዙበታል። እትሙ የሕንፃውን ስም ሳይሆን የጉዳቱን መጠን ይጠይቃል። መሣሪያው ቢቆም ሞት ወይም ከባድ ጉዳት የሚያስከትል ከሆነ ምድቡ አንደኛ ነው፤ ቀላል ጉዳት ከሆነ ሁለተኛ፣ የምቾት መጓደል ብቻ ከሆነ ሦስተኛ፣ በታካሚው ላይ ምንም የማያመጣ ከሆነ አራተኛ። ማዕከሉም ምድቡን የወሰነበትን ግምገማ በጽሑፍ ማስቀመጥ አለበት።

አንደኛው ምድብ ሦስት ቅርንጫፍ መስመሮች አሉት። የመጀመሪያው የመውጫ መብራትና የእሳት ማስጠንቀቂያን፣ ሁለተኛው የቀዶ ጥገና ክፍሉን መብራትና ሶኬቶች፣ ሦስተኛው እንደ አየር ማስተላለፊያ ያሉ ከባድ መሣሪያዎችን ይመግባል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መብራት በጠፋ በ10 ሰከንድ ውስጥ ኃይል ማግኘት አለባቸው፤ ይህን የሚያደርገው ባለሙያዎች ኤቲኤስ የሚሉት አውቶማቲክ ማዛወሪያ ነው። ቢላ በእጁ ለያዘ ሐኪም ግን 10 ሰከንድ ጨለማም ረጅም ነው። ስለዚህ ጥልቅ ማስታገሻ ወይም ሙሉ ማደንዘዣ በሚሰጥበት ክፍል በባትሪ የሚሠራ መብራት እንዲኖር ደንቡ ያዛል።

ጀነሬተሩ ምን ያህል ይሁን? መሐንዲሱ የመሣሪያዎቹን ዋት ደምሮ አያበቃም። የአየር ማቀዝቀዣና የመምጠጫ ፓምፕ ሞተሮች ሲነሡ ለአፍታ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ኮረንቲ ሊስቡ ስለሚችሉ ተራ በተራ እንዲነሡ ይደረጋል። «ትልቅ አይጎዳም» ብሎ ከልክ በላይ መግዛትም መዘዝ አለው፦ ዘወትር በትንሽ ጭነት የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን በደንብ ስለማያቃጥል ጭስ ማውጫው በዝቃጭ ይሞላል። ወርኃዊው የ30 ደቂቃ ሙከራ ቢያንስ በ30 በመቶ ጭነት እንዲደረግ የሚታዘዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። በየ36 ወሩ ደግሞ እስከ አራት ሰዓት የሚዘልቅ ሙከራ አለ።

ቦታውም ይታሰብበታል። በጥቅምት 2012 (እ.ኤ.አ.) ሳንዲ የተባለው ማዕበል ኒውዮርክን ሲመታ የቤልቪዩ ሆስፒታል ጀነሬተሮች 13ኛ ፎቅ ላይ ስለነበሩ ውኃ አልነካቸውም፤ ነዳጁን የሚገፉት ፓምፖች ግን ምድር ቤት ውስጥ በውኃ ተዋጡ። ሠራተኞችና ወታደሮች በደረጃው ላይ ተሰልፈው ነዳጁን በእጅ እየተቀባበሉ ወደ ላይ አደረሱ።

ምድቡ አንዴ ተወስኖ የሚቀር አይደለም። የሞራ ግርዶሽ ብቻ ሲያወጣ የቆየ ማዕከል ሙሉ ማደንዘዣ የሚጠይቅ ሕክምና ልጀምር ካለ፣ የመጀመሪያው ታካሚ ከመቀጠሩ በፊት ግምገማው እንደገና ይሠራል፤ መስመሩም ሊቀየር ይችላል።