አይጧን የት ነው የሚያማት?

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ባደግኩበት ግቢ አጥንቱ ቶሎ ቶሎ የሚሰበር ልጅ ነበር። የዓይኑ ነጭ ወደ ሰማያዊ ያደላል። አንዴ ካልሲውን ሲያወልቅ ተሰበረ። ወጌሻው መጥቶ ያስርለታል፣ ከሳምንታት በኋላ ይፈታለታል፣ በቃ ዳነ ይባላል። ልጁ ግን ከተፈታለትም በኋላ ማታ ማታ ያለቅሳል። ትልልቆቹ «አሁን ደግሞ ምን ሆንክ? ገጥሟል እኮ!» ይሉታል። እኛ ልጆቹ ደግሞ «ለምዶበት ነው» እንላለን። እኔም አላመንኩትም ነበር።

በሽታው አዲስ አይደለም። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ባለ የጥንት ግብፅ ሕፃን አፅም ላይ ምልክቱ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1788 ስዊድናዊው ኤክማን አጥንተ ስስነት ከትውልድ ትውልድ ስለሚወርድበት ቤተሰብ ጻፈ። በ1849 ሆላንዳዊው ፍሮሊክ «ኦስቲኦጀነሲስ ኢምፐርፌክታ» አለው፣ ያልተሟላ የአጥንት አፈጣጠር ማለት ነው። በ1979 አውስትራሊያ ውስጥ ሲለንስና ባልደረቦቹ በአራት ዓይነት ከፈሉት። የከፈሉት በስብራቱ፣ በአጥንቱ መጣመም፣ በዓይኑ ቀለምና በውርሱ ነው። ሕመም መለያ አልነበረም። ራጅ ላይ የሚታየው ስብራት ነዋ!

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። በእኛ ሥራ አንድን ስህተት ለማረም መጀመሪያ ራስህ ኮምፒውተር ላይ ደግመህ ማየት አለብህ። የእንስሳ ሞዴል የሚባለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1993 አሜሪካ ውስጥ ስለ አንዲት አይጥ ዘር ጥናት ወጣ። ኮላጅን የሚባለው የአጥንት ፕሮቲን እንደ ሹሩባ ከሦስት ክር ይጎነጎናል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ ሦስተኛው ሌላ። በእነዚህ አይጦች ጂን ውስጥ አንዲት ፊደል ጎድላ ሦስተኛው ክር ከጉንጉኑ ቀረ። አንዲት ፊደል! ኮድ የጻፈ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

ስብራቱን ደግሞ ማየት እንዲህ ተቻለ። ሕመሙስ? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የእኛ ሰው። አይጥ ደግሞ ደባቂ ናት፤ ማነከሷን ድመት ካየባት አለቀላት። ስለዚህ አፍ አውጥታ የማትናገረውን በሌላ መንገድ መጠየቅ ግድ ሆነ።

አንዱ መንገድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፎን ፍሬይ በፀጉር የጀመረው ነው። ዛሬ ልካቸው የታወቀ የናይለን ክሮች አሉ። አይጧ ወንፊት መሰል ወለል ላይ ትቆማለች፣ ክሩ ከሥር መዳፏን ይነካታል፣ በስንተኛው ክር እግሯን እንደምትሰበስብ ይመዘገባል። በ2010 ደግሞ የሞንትሪያል ተመራማሪዎች የአይጥን ፊት ማንበብ ጀመሩ፤ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጉንጭ፣ ጆሮ፣ ጺም። ነገር ግን የነርቭ ጉዳት የሚያመጣው የሚቆይ ሕመም ፊታቸውን አልለወጠውም። የቆየ ሕመም ፊት ላይ ላይታይ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ውሎዋን ማየት ያስፈልጋል፦ ምን ያህል ተንቀሳቀሰች? ምኑን ተወችው?

በ2015 እነዚያው አጥንተ ስስ አይጦች እዚያው ሞንትሪያል ውስጥ በዚህ ዓይነት መንገድ ተፈተሹ። የሕመም ምልክትና የእንቅስቃሴ መዳከም ተገኘባቸው። አጥንትን ማጠንከርና ሕመምን ማስታገስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። በ2020 ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር ትርጉሙን ሲያሻሽል መናገር አለመቻል ሕመም የለም ማለት እንዳልሆነ፣ ለሰውም ለእንስሳም፣ አብሮ ጻፈ።

ይህ እውቀት በነፃ አልመጣም። መናገር የማትችል እንስሳ እንድትታመም ተደርጋ ተወልዳለች፤ ይህን ረስቶ ማድነቅ ልክ አይመስለኝም። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ተመራማሪዎቹ ቃል ከሌላት አይጥ መልስ ለማግኘት ይህን ያህል ደክመዋል። የእኛ ግቢ ልጅ ግን አፍ ነበረው። በጠራ አማርኛ «ያመኛል» ብሎናል።

አሁን ኮምቦልቻ ይሠራል። ባለፈው ደውዬለት «ያኔ ከተፈታልህ በኋላ የምታለቅሰው እውነት ያምህ ነበር?» አልኩት።

ትንሽ ዝም ብሎ «አሁንም ያመኛል እኮ» አለኝ።